በሰባት ዓመቷ አምጫት

ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ የቀለም ሽታ ነው። ለአዲሱ የቅድመ አንደኛ ክፍል የተሠሩ ትንንሽ ወንበሮች ቢጫና ሰማያዊ ተቀብተው፣ ገና በቅጡ ሳይደርቁ፣ ከግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ለስብሰባ የሚፈልገኝም አልነበረ። ዘንድሮ ግን ከክልል የመጣ አንድ ባለሙያ የተለያዩ አገሮች ሕፃናታቸውን እንዴት እንደሚያስተምሩ እያነጻጸረ ያስረዳል፣ ነባር መምህራንም ይገኙ ተባለና ስሜ ከዝርዝሩ ገባ። ነጠላዬን አጣፍቼ በባጃጅ ሄድሁ። ዛሬ ከገበያው እስከ ጽሕፈት ቤቱ ለባጃጅ የሚከፈለው ድሮ እኔ እዚሁ ሰቆጣ ለአንድ ወር የቤት ኪራይ ከምከፍለው ይበልጣል። ይህን ማሰብ ልተው እላለሁ፣ አልተወኝም። እንግዲህ ከወንበሮቹ አጠገብ ተቀመጥሁ፤ ባለሙያው መናገር ጀመረ፤ ያ የዘይት ቀለም ሽታ ግን አፍንጫዬን ይዞ ወደ ሌላ ዘመን ጎተተኝ።

ያንን ሽታ ያወቅሁት የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት የከፈተ ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ። እርሳስ በዐሥር ሳንቲም ይገዛ እንደነበር ግን አልረሳም። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ልጅ የባለጠጋ ልጅ ይመስል ነበር። እኔም ጠጉሬን አፍሮ አበጥሬ፣ ወልድያ የተሰፋ ሰፊ ሱሪዬን ለብሼ ከታች ገበያ ወደ ላይ ስወጣ፣ ከጨርቅ ሱቆቹ በር ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ይባባላሉ። ከተማው ውስጥ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስን ሴቶች ጥቂት ስለነበርን ለሦስት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ተላክሁ። ያሠለጠነችን ሴት በምሥራቅ ጀርመን ተምራ የተመለሰች ናት። ወገቧን ቀጥ አድርጋ ትቆማለች፤ ሁሉን በሰዓት ታደርጋለች። እዚያ አገር ሕፃናት ሁሉ ባንድ ሰዓት ይበላሉ፣ ባንድ ሰዓት ይታጠባሉ፣ ከምሳ በኋላም ባንድ ሰዓት ይተኛሉ አለችን። እንቅልፍ ለአእምሮ ነው፣ ሥርዓት ለአገር ነው። ሁሉን ጽፌ ተመለስሁ።

ቀበሌው አርባ ሰሌን ገዛልኝ። ከምሳ በኋላ ልጆቹን በአራት ረድፍ አስተኛኋቸው። አርባ ልጅ፣ ሰማንያ ዓይን፣ ሁሉም ጣሪያውን ያያል። «ተኙ!» እላለሁ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ጀርባዬን ስሰጥ ይከፍቱታል። በየቤታቸው በቀን የሚተኛ በሽተኛ ብቻ ነው፤ ምን ያድርጉ? አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇን ልትወስድ ቀደም ብላ መጣችና ከበሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ምን ነካቸው?» አለችኝ። «ወረርሽኝ ገባ እንዴ?»

ከዚያ ደግሞ መዝሙሩ ነበር። አሠልጣኛችን ከጀርመንኛ የመለሰችው ስለ ባቡር የሚናገር መዝሙር ነው፤ ልጆቹ ተቀጣጥለው በጓሮው ይዞራሉ፣ የፊተኛው ያፏጫል። ባቡር ያየ ልጅ አልነበረም። እኔም አዲስ አበባ ሦስት ወር ሰንብቼ አላየሁም። «ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ረጅም አውቶቡስ ነው» አልኋቸው። ከወልድያ የሚመጣው አውቶቡስ ያኔ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ በመጣ ቁጥር ልጆቼ ሮጠው ወጥተው ርዝመቱን ይለኩታል፤ ባቡር አለመሆኑን አይተው አዝነው ይመለሳሉ። ዛሬም ያ ዜማ ሳላስበው ከአፌ ይወጣል፤ ትርጉሙ ግን ዛሬም አይገባኝም።

አዳራሹ ውስጥ ባለሙያው በግድግዳው ላይ ሥዕል ያሳያል። በፈረንሳይ ልጅ በሦስት ዓመቱ ትምህርት ቤት መግባት ግዴታው ነው አለ። በኬንያ ከአንደኛ ክፍል በፊት ሁለት ዓመት አለ። በጃፓን ሕፃናቱ የሚማሩበትን ክፍል ራሳቸው ያጸዳሉ ብሎ፣ ጨርቅ ይዘው ወለል የሚወለውሉ ልጆች አሳየን፤ አዳራሹ በሙሉ ተደነቀ። ከኋላዬ የተቀመጠች ከጋዝጊብላ የመጣች መምህርት ግን ቀስ ብላ «የእኔ ልጅ በረት ስትጠርግ ምነው ፎቶ የሚያነሣት ጠፋ?» አለች፤ ሳቄን በነጠላዬ አፈንሁት። ቀጥሎ በበረዶ የተሸፈነ ጫካ መጣ፤ ወፋፍራም ልብስ የለበሱ ሕፃናት በዛፎቹ መካከል ይሮጣሉ። «ፊንላንድ» አለ ባለሙያው። «እዚህ አገር ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመቱ ነው። እስከዚያ ይጫወታል።»

ሰባት ሲል ቀና አልሁ። ያንን ቃል በዚህ ከተማ ውስጥ እኔም ብዬው ነበርና።

የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ብዙ አልቆየም። ዘመኑ ከፋ፤ አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆነ፤ ወንበሮቹ የማን ቤት ማገዶ እንደሆኑ አላውቅም። ነገሩ ሁሉ ተለዋውጦ ከበረደ በኋላ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ያንኑ ቤት አድሶ ከፈተው፤ እኔንም መልሶ ቀጠረኝ። አብራኝ የምትሠራው ማርያ የምትባል ከዚያች ከበረዶዋ አገር የመጣች ሴት ናት። ቀጭን፣ ፀሐይ ያቀላት፣ በረባሶ አድርጋ በእግሯ የምትዞር። ሰሌኑን አየችና ሳቀች፤ ማስተኛት ቀረ። የፊደል ገበታውን አየችና ከግድግዳ አወረደችው፤ ፊደልም ቀረ። በምትኩ ጭቃ መጣ። አሸዋ መጣ፣ የእንጨት ቁርጥራጭ መጣ። ልጆቹ እስከ ክርናቸው ጭቃ ገብተው ይውላሉ። አባቶች ተሰብስበው መጡ።

«ልጄን ጭቃ እንዲያቦካ ነው የላክሁት?» አለ አንደኛው። «ጭቃማ እኔም ቤት ሞልቷል።»

ማርያ በእኔ አስተርጓሚነት መለሰች። ልጅ በእጁ ሲሠራ ያስባል አለች። እሷ አገር እናት ስትወልድ ደመወዟ ሳይቋረጥ ከልጇ ጋር ትቆያለች፤ ነርስ ቤት ድረስ እየመጣች ታያታለች፤ ልጁም ጫካ ውስጥ ሲጫወት አድጎ በሰባት ዓመቱ ይማራል፤ ተምሮም ማንንም ያስከነዳል። አባቶቹ ተያዩ። ግማሾቹ ልጆቻቸውን አስወጥተው ቤተ ክርስቲያን ወደ የኔታ ወሰዱ፤ እዚያ ሀሁ በጩኸት ይባላል፤ ስለዚህ ትምህርት መሆኑ ከሩቅ ይሰማል። እኔ ግን ማርያን አመንሁ። ጀርመን የተማረችውን አሠልጣኜን ያመንሁትን ያህል፣ ከዚያም በላይ። የቀድሞውን ማስታወሻዬን ዘግቼ አዲስ ደብተር ገዛሁ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሰባት ዓመት» ብዬ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት።

በዚያ ዓመት ነው እታገኝ የመጣችው። እናቷ ወይዘሮ አበራሽ ከከተማው ዳር፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ሄደው ያመጧት የአምስት ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው የሚነገረው የአገሩ ቋንቋ፣ ኽምጣና ነው። እኔ ሰቆጣ ተወልጄ ሰቆጣ አድጌ፣ የማውቀው ኽምጣና የገበያ ብቻ ነበር፤ ማር ስንት ነው፣ ቅቤው ስንት ነው፣ ቀንስልኝ፣ በቃ ሄድሁ። በዚህ ቋንቋ ከሕፃን ጋር ምን ይወራል? ስሟን በአማርኛ እጠይቃታለሁ፤ ታየኛለች። ኳሱን አሳያታለሁ፤ ታየኛለች። ጥጓን ይዛ ከጭቃው ጋር ትውላለች፤ ከቀትር በኋላ እናቷ መጥተው ይወስዷታል። መስከረም አለፈ፣ ገና አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፤ አንድ ቃል አልሰማሁም።

ድርጅቱ የሰጠን የመገምገሚያ ወረቀት ነበር። ስሟን ስትጠየቅ ትናገራለች? ቀለም ትለያለች? የታዘዘችውን ታደርጋለች? ጎን ለጎን ትንንሽ ሣጥኖች አሉ፤ ሁሉም ላይ ኤክስ አደረግሁ። ማርያ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዳለች። እኔም ወይዘሮ አበራሽን ከበሩ አቆምኋቸው። ሁለታችንም ሠላሳ ዓመት ገደማ ነን፣ ግን እኔ ባለ ወረቀት ስለሆንሁ አንቺ ብዬ ተናገርኋቸው።

«ልጅሽ ገና አልደረሰችም። አትጨነቂ፤ በሠለጠነው አገርም ልጅ የሚማረው በሰባት ዓመቱ ነው። በሰባት ዓመቷ አምጫት።»

ወይዘሮ አበራሽ አማርኛቸው ይሰባበራል፤ ነገሩ ግን ገብቷቸዋል።

«እስከዚያስ?» አሉኝ።

«እስከዚያ ቤት ትጫወት።»

«ቤት?» አሉና ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። «ቤት እኮ ሥራ ነው ያለው።»

ምን እንደመለስሁላቸው አላስታውስም። የልጅቱን እጅ ይዘው ቁልቁል ሲወርዱ ግን እስካሁን አያቸዋለሁ። ማርያ ስትመለስ ኮራ ብዬ ነገርኋት። እንደ እናንተ አገር አደረግሁ አልኋት። ማርያ ወረቀቱን ቁጭ ብላ አነበበችው፤ ደጋግማ አነበበችው። በመጨረሻ «በቋንቋዋ ያናገራት ሰው ነበረ?» አለችኝ። በማግሥቱ ልንፈልጋት ተነሣን፤ የክረምቱ ዝናብ ወንዙን ሞልቶት ተመለስን። ከጥቂት ወራት በኋላ የማርያ ጊዜዋ አልቆ አገሯ ገባች። እታገኝ ሰባት ዓመት በሚሞላት መስከረም ቀኑን ሙሉ በሩን ሳይ ዋልሁ። አልመጣችም። በገበያ ቀን ጠየቅሁ፤ እናቷ ወልደዋል አሉኝ። ደግሜ ልጠይቅ አሰብሁ፣ ቆየሁ፤ ከዚያ አልጠየቅሁም።

እነሆ ከዚያ በኋላ ስንት ነገር መጣ። ከአንደኛ ደረጃው ጋር የተያያዘ ዜሮ ክፍል መጣ። ትልልቆቹ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን ያስተምሩ ተባለ። በኽምጣና ይማሩ ተባለና ደስ አለኝ፤ ያኔ ደግሞ አንዳንድ ወላጆች «ቋንቋችንን ቤት እናስተምረዋለን፣ እናንተ አማርኛውን አስተምሩልን» ብለው መጡ። በመጣ ሁሉ ሠለጠንሁ። የተሰጠኝ የምስክር ወረቀት ብዛቱ ለአንድ ቤት ግድግዳ ይበቃል። እያንዳንዱ ፊተኛውን ይሽረዋል።

ይህንን ሁሉ እያሰብሁ ሳለ ለካ ባለሙያው ጨርሶ እኔን ይጠራል። «እትዬ ጥሩወርቅ፣ በዚህ ሥራ ላይ ሠላሳ ዓመት ቆይተዋል። ከልምድዎ፣ ከእነዚህ አገሮች ለእኛ የሚበጀው የቱ ነው?» ተነሣሁ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሦስት ልል ነበር፣ አምስት ልል ነበር፣ ሰባት ልል ነበር። የጀርመኑ ሰሌን፣ የፊንላንድ ጭቃ፣ የየኔታ ጩኸት ባንድ ላይ መጡብኝ። «ልጄ፣ ተቀላቀለብኝ» አልሁና ተቀመጥሁ። ባለሙያው ትሑት ሰው ነው፤ እርጅና መስሎት ውኃ አመጣልኝ።

በሳምንቱ ገበያ ወጣሁ። ከጨርቅ ተራው ጫፍ፣ ከጨርቅ ነጋዴው ከሐጂ ሱቅ አጠገብ፣ ቅመምና ጌሾ የምትሸጥ ሴት «እትዬ ጥሩወርቅ!» ብላ ተነሣችልኝ። ፊቷን አላወቅሁትም። «እታገኝ ነኝ እኮ፤ የአበራሽ ልጅ። ከጭቃው ቤት!» የጌሾ ጆንያዋ ላይ ተቀመጥሁ። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ አንድ ቃል ከአፏ ሰምቼባት የማላውቅ ልጅ እንዲህ ትጮኻለች። እናቷ ማረፋቸውን፣ እሷም አግብታ ከሐጂ ቤት ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይታ እንደምትኖር ነገረችኝ። እኔ ግን የሆዴን ሳልናገር መሄድ አልቻልሁም።

«እታገኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኋት።

«ለምኑ?»

«አባረርሁሽ እኮ። ገና አልደረሰችም ብዬ ከትምህርት ቤት መለስሁሽ።»

እታገኝ ግራ ገብቷት አየችኝ። «ማን አባረረኝ? እናቴ መንታ ወልዳ እጅ አጥሯት ነው እኔን ያስቀረችኝ። እንዲያ ነው የነገረችኝ።»

«አይደለም፤ እኔ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገርሽም ነበር...»

«እኔ?» ሳቀች። «ኧረ እኔስ ስለፈልፍ ነበር የምውል! ላሟን አያስታውሷትም? ከጭቃ የሠራኋት፣ ቀንዷ የተሰበረ። እርስዎ ከመስኮቱ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ማንም እንዳይነካት ብለው ሌሎቹን ተቆጡልኝ። ከእሷ ጋር ነበር የማወራው። በኽምጣና ነዋ! እርስዎ በአጠገባችን ሲያልፉ ዝም እንል ነበር።»

ላሟን አላስታውስም። መስኮቱን አስታውሳለሁ፣ ላሟን ግን ከየትም ላመጣት አልቻልሁም። እኔ ሠላሳ ዓመት ስሸከመው የኖርሁትን እሷ አታውቀውም፤ እሷ ስትወደው የኖረችውን እኔ አላውቀውም። ታዲያ የቱ ነው የሆነው? እናቷ የእኔን ክፉ ቃል ለልጃቸው ሳይነግሩ፣ በራሳቸው ላይ ወስደው ሞቱ ማለት ነው? ወይስ እኔ ባልልም ኖሮ መንታዎቹ ያስቀሯት ነበር?

«ከዚያስ ተማርሽ?» አልኋት፤ መልሱን እየፈራሁ።

ሳቋ ቀስ ብሎ ቆመ። «ፊደል የቆጠርሁት ካገባሁ በኋላ ነው፣ በጎልማሶች ትምህርት። ስሜን መጀመሪያ ስጽፍ ባሌ እንዳያየኝ ወረቀቱን ደበቅሁት።» ጌሾውን በእጇ ታሽ ጀመር። «መንታዎቹ ወንድሞቼ ተምረዋል። አንዱ አምደወርቅ ከተማ መምህር ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«እንኳን እግዜር አገናኘን፤ የማማክረው ሰው አጥቼ ነበር። ምሕረት የምትባል ልጅ አለችኝ፤ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። አዲሱ ትምህርት ቤት ከአንደኛ ክፍል በፊት ሁለት ዓመት ያስተምራል ይላሉ። ባሌ ሰባት ዓመት ይሙላት ይላል። አማቴ የኔታ ጋ ትጀምር ይላሉ። በኽምጣና ይሁን በአማርኛ እሱም አለ። እርስዎ ያውቃሉ፤ መቼ ላስገባት?»

ይህ ነው እንግዲህ። ባለሙያውን «ተቀላቀለብኝ» ብዬ ሸኘሁት፤ እሷን በምን ልሸኛት? አንዴ በእርግጠኝነት የተናገርሁባት ልጅ ይኸው ከፊቴ ቆማለች።

«አላውቅም» አልኋት።

«ሠላሳ ዓመት አስተምረው?»

«ሠላሳ ዓመት አስተምሬ።»

የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ሚዛኗን አስቀምጣ እጇን በመቀነቷ ጠረገች። «እንግዲያው አብረን እንውሰዳትና እንያት። ካልሆነላት እንመልሳታለን፤ ከሆነላት ትቀመጣለች።»

በዚህ ተስማማን። እኔም አንድ ነገር ለመንኋት፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር በኽምጣና አስተምሪኝ አልኋት። ስምሽ ማን ነው። አትፍሪ። እኔም እዚህ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከሐጂ ሱቅ ጥላ ሥር ተቀምጬ አጠናሁ። ምላሴ እንቢ አለ፤ ከጉሮሮ የሚወጡት ድምፆች ከእኔ ጉሮሮ አይወጡም። የሐጂ ባለቤት ጨርቅ እየለኩ ይሰሙኛል፤ «ኧረ ተይ፣ ልጅቱን ታስደነግጫታለሽ!» ይሉኛል፤ እሳቸው አረብኛውንም ትግርኛውንም ኽምጣናውንም ይናገራሉ። ቤቴ ገብቼ ሽሮዬን እያማሰልሁ እደግመዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ለፈተና እንደምትቀመጥ ተማሪ ሆንሁ።

የምዝገባው ቀን ማለዳ ደረሰ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ መንገዱ ላይ ባጃጆቹ ውኃ እየረጩ ያልፋሉ። እታገኝ ልጇን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ በር መጣች። ምሕረት ጠጉሯ ሹሩባ ተሠርቶ፣ ቀይ ሹራብ ለብሳ፣ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ገባች፤ አንድ ዓይኗ ብቻ ይታያል። ያችን ዓይን አወቅኋት፤ ወይም ያወቅኋት መሰለኝ። ከበሩ ውስጥ ሌሎቹ ልጆች ይጮኻሉ፣ አንዱ ያለቅሳል። እኔ በዱላዬ ተደግፌ፣ ጉልበቴ እየጮኸ፣ እስከ ቁመቷ ድረስ ዝቅ አልሁ። ሦስቱን ዐረፍተ ነገሮች ከሆዴ አወጣሁና አንድ በአንድ፣ ቀስ ብዬ፣ ያለኝን ጉሮሮ ሁሉ አስገድጄ ተናገርኋት።

ምሕረት ከቀሚሱ ኋላ ወጣች። እናቷን አየች። እኔን አየች። ከዚያ ከሐጂ የልጅ ልጆች ጋር ስትጫወት ባደገችበት ጥርት ያለ አማርኛ፣ በጣም እያዘነችልኝ፣

«እማማ፣ አማርኛ አይችሉም እንዴ?» አለችኝ።

እታገኝ አፏን በነጠላዋ ይዛ በሳቅ ተንፈራፈረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ነጠላውን ከፊቷ ስታነሣ ግን ዓይኗ ረጥቧል። ልሳቅ ይሁን ላልቅስ እኔም አልለየልኝ።

«እችላለሁ» አልኋት ምሕረትን።

«እንግዲያው ይንገሩኛ» አለች፤ እግሮቿን አቆላልፋ። «ሽንት ቤቱ የት ነው?»

እሱንም አላውቅም። እጇን ያዝሁና ልንፈልገው አብረን ገባን።